ቴኒስ በብሪታንያ ቴሌቪዥን፦ በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ላይ ላሉ ወገኖች ከተሞክሮዬ

በለንደን ኬር ሆም በምንላቸው የአረጋውያን መኖሪያዎች ውስጥ ለብዙ ዓመታት በተንከባካቢነት ሠርቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከሰኔ ማብቂያ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ባሉት ሁለት ሳምንታት የጋራው ሳሎን ቴሌቪዥን ከዊምብልደን የሜዳ ቴኒስ ውድድር ሌላ ነገር ሲያሳይ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። እኔ ያደግሁት እግር ኳስና ሩጫ እያየሁ ስለሆነ ሥራውን ስጀምር ስለዚህ ስፖርት የማውቀው ነገር አልነበረም። የምጽፈውም በዚህ ሙያ ለተሰማሩ ወይም ለመሰማራት ለሚያስቡ ወገኖቼ ነው። የትኛው ውድድር በየትኛው ጣቢያ እንደሚታይ፣ የትኛው በነጻ የትኛው በክፍያ እንደሚቀርብ፣ አረጋውያኑ የሚያነሷቸው ስሞችና ዘመናትም ከየት እንደመጡ ማወቅ ሥራውን እጅግ ያቀልላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዚህ ትውልድ ቴኒስና ቴሌቪዥን አብረው ያደጉ ነገሮች መሆናቸውን መረዳት የሁሉ መጀመሪያ ነው። ቢቢሲ ዊምብልደንን በራዲዮ ማስተላለፍ የጀመረው በ1927 ሲሆን በቴሌቪዥን ያሳየው ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ በጁን 1937 ነው። በመጀመሪያው ዕለት የታየው በተመልካቹ ዘንድ በኒ ኦስቲን በሚባለው እንግሊዛዊና በጆርጅ ሮጀርስ መካከል የተደረገው ጨዋታ ነበር፤ ስርጭቱም ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነበር። ቴሌቪዥን የነበረው ቤተሰብ በጣም ጥቂት ነበር፤ በ1939 ጦርነቱ ሲጀመርም አገልግሎቱ ተቋርጦ እስከ 1946 ድረስ አልተመለሰም። ስለዚህ ዛሬ በዘጠናዎቹ ዕድሜያቸው ላይ ያሉ ሰዎች ስለ መጀመሪያው የቴሌቪዥን ቴኒስ ሲናገሩ ብዙውን ጊዜ የሚያስታውሱት ከጦርነቱ በኋላ ያለውን ዘመን ነው፤ ከ1956 እስከ 1968 አይቲቪም ውድድሩን ያሳይ ስለነበር አንዳንዶቹ ሁለት ጣቢያዎችን እያፈራረቁ ያዩ እንደነበር ይናገራሉ።

አንድ ነገር በተለይ ላሰምርበት እወዳለሁ። ፍሬድ ፔሪ የሚባለው እንግሊዛዊ የወንዶቹን ዋንጫ በ1934፣ በ1935 እና በ1936 በተከታታይ ወሰደ፤ ካሜራው ወደ ሜዳው የገባው ግን በተከታዩ ዓመት ነው። እንግዲህ የአገሩ ሕዝብ የራሱን ሰው በወንዶች ነጠላ ውድድር ሲያሸንፍ በቀጥታ ስርጭት ሳያይ ሰባ ሰባት ዓመት ቆየ ማለት ነው፤ ያየውም አንዲ መሪ በጁላይ 7 ቀን 2013 ኖቫክ ጆኮቪችን ሲረታ ነው። ያን ዕለት ቢቢሲን ይመለከት የነበረው ሕዝብ ቁጥር ከፍተኛው ደረጃ ላይ በደረሰበት ሰዓት 17.3 ሚሊዮን ነበር። እኔ በፈረቃ ላይ ነበርኩ። በልጅነታቸው የፔሪን ስም ከአባቶቻቸው አፍ የሰሙ ሰዎች በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ በጊዜው ይህን ታሪክ የማያውቁ አዳዲስ ባልደረቦቼ ሰዎቹ የታመሙ መስሏቸው ነርስ ሊጠሩ ተነሥተው ነበር። በሴቶቹ በኩል ጥበቃው ይህን ያህል የረዘመ አልነበረም። አንጄላ ሞርቲመር በ1961፣ አን ጆንስ በ1969፣ ቨርጂኒያ ዌድ ደግሞ በ1977 አሸንፈዋል፤ የዌድ ድል ንግሥት ኤልሳቤጥ የነገሡበት 25ኛ ዓመት በሚከበርበት ወቅት፣ ንግሥቲቱም በሜዳው ተገኝተው ሳለ የተገኘ በመሆኑ አረጋውያት እናቶች ዛሬም በደስታ ያወሩታል። ጭውውት ለመጀመር ከፈለጋችሁ "የዌድን ጨዋታ የት ሆነው አዩት?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ረጅም ነው።

ቀጥሎ የሚነሣው ቀለም ነው። በአውሮፓ የመጀመሪያው መደበኛ የቀለም ቴሌቪዥን ስርጭት የተጀመረው በጁላይ 1 ቀን 1967 በቢቢሲ ሁለት ሲሆን የተላለፈውም ዊምብልደን ነበር። የጣቢያው ኃላፊ በዚያን ጊዜ ዛሬ ዓለም በተፈጥሮ ፕሮግራሞቹ የሚያውቀው ዴቪድ አተንቦሮ ነበር። ቢቢሲ አንድና አይቲቪ ወደ ቀለም የገቡት ከሁለት ዓመት በላይ ቆይተው በኖቬምበር 1969 ነው፤ የቀለም ቴሌቪዥን ዋጋው ውድ ስለነበር አብዛኛው ቤተሰብ የሣሩን አረንጓዴነት ያየው ከዚያም ዘግይቶ ነው። የምንከባከባቸው አንዲት እናት ባለቤታቸው የቀለም ቴሌቪዥን የገዙበትን ዓመት የሚያስታውሱት በልጆቻቸው ልደት ሳይሆን በዊምብልደን ነበር።

ቴሌቪዥን ጨዋታውን ማሳየት ብቻ ሳይሆን ጨዋታውን ራሱን መቀየሩ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ነው። ኳሱ ቀድሞ ነጭ ነበር፤ ቢጫው ኳስ በ1972 በዓለም አቀፉ ሕግ የተፈቀደው በስክሪን ላይ ይበልጥ ጎልቶ ስለሚታይ ነው፤ ዊምብልደን ግን በነጩ ጸንቶ ቆይቶ ቢጫውን የተቀበለው በ1986 ነው። ታይብሬክ የሚባለው፣ ተጫዋቾቹ እኩል ሲሆኑ አሸናፊውን በአጭር የነጥብ ቆጠራ የሚለየው ሥርዓትም እንዲሁ የጨዋታውን ርዝመት ገድቦ ለጣቢያዎች ሰዓት እንዲመች አድርጎታል። ከዚህ በፊት ጨዋታዎች መጨረሻቸው አይታወቅም ነበር፤ በ1969 ፓንቾ ጎንዛሌዝና ቻርሊ ፓሳሬል ሁለት ቀን የፈጀ የአምስት ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨዋታ አድርገዋል። ታይብሬክ ከ1971 ጀምሮ ቢገባም የመጨረሻውን የጨዋታ ክፍል ስላልነካ በ2010 ጆን ኢስነርና ኒኮላ ማዩ በሦስት ቀናት ውስጥ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ተጫውተው የዚያ ክፍል ውጤት 70 ለ68 ሆኖ ተጠናቀቀ። ዛሬ የመጨረሻው ክፍል 6 እኩል ሲሆን እስከ 10 ነጥብ የሚቆጠር ታይብሬክ ይደረጋል። የዕድሜ ባለጸጎቹ ግን አሮጌውን ሥርዓት ስለሚወዱ "ይህ ጨዋታ አይደለም" ቢሏችሁ ከመከራከር መስማት ይሻላል። በ2025 ደግሞ የመስመር ዳኞቹ በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ተተክተዋል። እነዚያን ዳኞች በሜዳ ላይ ማየት የለመዱ ሰዎች "የት ሄዱ?" ብለው ደጋግመው ስለሚጠይቁ፣ በተለይ የመርሳት ሕመም ላለባቸው አጭርና ተመሳሳይ መልስ ማዘጋጀት ጠቃሚ ነው።

ስለ ድምፅ ልንገራችሁ፤ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ይህ ነው። ዳን ማስከል ከ1951 እስከ 1991 ድረስ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ቴኒስን ያስተላለፈ ሰው ሲሆን የሚታወቀው በሚናገረው ብቻ ሳይሆን በዝምታውም ነበር። ኳስ ከወዲያ ወዲህ ስትመላለስ አይናገርም፤ ነጥቡ ሲያልቅ አንዲት አጭር የአድናቆት ቃል ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ የተመልካቹ ጭብጨባ ራሱ ይናገራል። በአንጻሩ የዛሬዎቹ ዘጋቢዎች ብዙ ይናገራሉ። ይህ የሙያ ጉዳይ ነውና አልፈርድባቸውም፤ ነገር ግን ጆሯቸው የደከመና አእምሯቸው በብዙ ንግግር የሚጨናነቅ ሰዎች ባሉበት ሳሎን ልዩነቱ ከባድ ነው። በእኔ ልምድ የድምፁ መጠን ከመለስተኛ በታች ሲደረግ የኳሱና የጭብጨባው ድምፅ ይሰማል፣ ንግግሩ ግን አይጫንም። ንግግሩን መከታተል ለሚፈልጉ ደግሞ በሪሞት ኮንትሮሉ ላይ የግርጌ ጽሑፍ የሚያወጣ ቁልፍ አለ። አረጋውያኑ "888" ቢሏችሁ እሱን ማለታቸው ነው፤ ሲፋክስ የሚባለው የቀድሞው የጽሑፍ አገልግሎት በነበረበት ዘመን የግርጌ ጽሑፍ የሚገኘው በዚህ ገጽ ነበር። በቀጥታ ስርጭት ላይ ጽሑፉ ከድምፁ በጥቂት ሰከንዶች ይዘገያል፤ ምክንያቱ አንድ ባለሙያ የሚነገረውን እየሰማ ድምፅን ወደ ጽሑፍ ለሚቀይር ኮምፒውተር ደግሞ ስለሚናገረው ነው። ይህን ለአረጋውያኑ ቀድሞ መንገር ቴሌቪዥኑ የተበላሸ እንዳይመስላቸው ያደርጋል።

በመርሳት ሕመም ክፍል የነበሩ አንድ አባት የእኔን ስም ለመያዝ ባይችሉም የጨዋታውን ነጥብ ዳኛው ሳይናገር ቀድመው ይጠሩ ነበር። ከዚህ በኋላ ቁጥሮቹን እኔም በደንብ አጠናሁ፦ 15፣ 30፣ 40፣ ሁለቱም 40 ሲሆኑ ዲውስ፣ ከዚያ ቀጣዩን ነጥብ ላገኘው አድቫንቴጅ። ተንከባካቢው ይህን ያህል ካወቀ ከእሳቸው ጋር አብሮ መቁጠር ይችላል፤ አብሮ መቁጠርም ራሱ ውይይት ነው። የአቅራቢዎቹንም ስም ማወቅ ይጠቅማል። ሱ ባርከር በ1976 የፈረንሳይን ውድድር ያሸነፈች ተጫዋች ስትሆን ከ1993 እስከ 2022 የቢቢሲን የዊምብልደን ፕሮግራም መርታለች፤ ከ2023 ጀምሮ ቦታውን የያዘችው ክሌር ባልዲንግ ናት። አንዳንድ ነዋሪዎች ለወራት "ሱ የት ናት?" ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ ጉዳይ ልግባ። አብዛኞቹ አረጋውያን ቴኒስ ሁሉ ቢቢሲ ላይ ያለ ይመስላቸዋል፤ ከዊምብልደንና ከዚያ በፊት በሣር ሜዳ ከሚደረጉት እንደ ለንደኑ ኩዊንስ ክለብ ካሉ ውድድሮች ውጭ ግን ዛሬ እንዲህ አይደለም። የአሜሪካው ዩኤስ ኦፕን ለብዙ ዓመታት በክፍያ በሚታየው በስካይ ላይ ቆይቶ ወደ ዩሮስፖርት፣ ከ2018 እስከ 2022 ወደ አማዞን ፕራይም፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ተመልሶ ወደ ስካይ ሄዷል። የፈረንሳዩን ውድድር ከ2012 እስከ 2021 አይቲቪ 4 በነጻ ያሳይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በዩሮስፖርት ብቻ ሆነ፤ ዩሮስፖርት በፌብሩዋሪ 2025 ከብሪታንያ ሲወጣም ወደ ቲኤንቲ ስፖርትስ ተዛወረ። የአውስትራሊያውም በዚያው ነው። ስካይ በ2024 ለቴኒስ ብቻ የተለየ ጣቢያ ከፍቶ በዓመት ውስጥ በየአገሩ የሚዞሩትን የወንዶችና የሴቶች ውድድሮች ያሳያል። ሁሉንም ለማየት የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ የወር ክፍያዎች ይጠበቁበታል።

ይህ ነገር ያሳስበኛል። በጡረታ አበል የሚኖሩ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያዩት የኖሩትን ጨዋታ ከክፍያ በር ውጭ ቆመው እንዲሰሙት መደረጉ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ ሁሉም ሰው አንድ ጨዋታ በአንድ ጊዜ የሚያይበት ዕድልም ለአገር ትልቅ ነገር ነው። በሴፕቴምበር 2021 ገና 18 ዓመቷ የነበረችው ኤማ ራዱካኑ ለዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ ስትደርስ የስርጭት መብቱ የአማዞን ነበር፤ አማዞን ግን ቻናል 4 ጨዋታውን በነጻ እንዲያስተላልፍ ስለተስማማ በዚያ ጣቢያ ላይ ብቻ ተመልካቹ 9.2 ሚሊዮን እስከመድረስ ሄደ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በጁላይ 14 ቀን 2019 ስካይ የክሪኬት ዓለም ዋንጫ ፍጻሜን በተመሳሳይ መንገድ ለቻናል 4 አካፍሎ ነበር፤ በዚያው ሰዓት ፌደረርና ጆኮቪች በዊምብልደን ፍጻሜ ወደ አምስት ሰዓት የሚጠጋ ጨዋታ ያደርጉ ስለነበር በሳሎናችን ሪሞቱ የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ቀኑን ሙሉ አልበረደም።

ዊምብልደንን በተመለከተ ግን ሕግ አለ፤ ቤተሰቦች በስጋት ሲጠይቋችሁ በእርግጠኝነት ልትነግሯቸው ትችላላችሁ። የ1996ቱ የብሮድካስት አዋጅ የአገር ቅርስ የሆኑ የስፖርት ዝግጅቶችን ዝርዝር ይጠብቃል። የዊምብልደን ፍጻሜዎች በመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ስላሉ የቀጥታ ስርጭታቸው ለነጻ ጣቢያዎች በተመጣጣኝ ዋጋ መቅረብ አለበት፤ የቀሩት ቀናት በሁለተኛው ምድብ ስለሆኑ የቀጥታ ስርጭቱ ለክፍያ ጣቢያ ቢሸጥ እንኳ ዋና ዋናው ክፍል ለነጻ ጣቢያ መድረስ አለበት። ቢቢሲ ከውድድሩ አዘጋጆች ጋር ያለው ውል እስከ 2027 የሚዘልቅ ነው። ከ2025 ጀምሮ ቲኤንቲ ስፖርትስ ፍጻሜዎቹን ከቢቢሲ ጎን ለጎን ያሳያል፤ ይህ ግን የቢቢሲን ስርጭት የሚቀንስ አይደለምና ለዊምብልደን ብሎ አዲስ ክፍያ የሚገባ ሰው ካለ አያስፈልግም በሉት።

ከዚህ በታች ያለው በየፈረቃው የሚጠቅም ነው። በማዕከላዊው ሜዳ ጨዋታ የሚጀመረው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7፡30፣ በአንደኛው ሜዳ 7፡00፣ በሌሎቹ ደግሞ ከረፋዱ 5፡00 ነው። የነጠላ ፍጻሜዎች ቀድሞ 8፡00 ይጀመሩ ነበር፤ ከ2025 ጀምሮ ግን ወደ 10፡00 ተዛውረዋል። ይህ ለእኛ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ የወንዶቹ ጨዋታ ከረዘመ ከእራት፣ ከምሽቱ መድኃኒትና ከፈረቃ ርክክብ ጋር ይጋጫል። እኔ በሠራሁበት ቦታ መፍትሔው እራቱን በዚያ እሑድ በትሪ ወደ ሳሎን ማምጣትና መድኃኒቱን የሚሰጠው ባልደረባ ተጫዋቾቹ ቦታ በሚቀያየሩበት የእረፍት ጊዜ እንዲገባ ማድረግ ነበር። ለዚህ ኃላፊውን ቀደም ብሎ ማነጋገርና በእንክብካቤ ዕቅዱ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል። ማዕከላዊው ሜዳ ከ2009፣ አንደኛው ሜዳ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ተከፋች ጣራ ስላላቸው እንደ ድሮው ዝናብ ሲዘንብ ለሰዓታት አሮጌ ጨዋታ ማየት ቀርቷል፤ በዚያው ልክ ጨዋታዎች እስከ ምሽቱ 5፡00 ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ ይህ የመጨረሻው የተፈቀደ ሰዓት ነው።

ቢቢሲ በቀኑ ውስጥ ጨዋታውን ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለትም ወደ አንድ ማዛወር ልማዱ ነው፤ በዜና ሰዓት በተለይ። ሽግግሩ በስክሪኑ ላይ ይነገራል፤ ነገር ግን አረጋውያኑ ብቻቸውን ከሆኑ ጨዋታው የተቋረጠ መስሏቸው ይጨነቃሉ። ስለዚህ ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት ሪሞቱን በእጃቸው አኑሩና የሁለቱን ጣቢያ ቁጥር በትልቁ ጽፋችሁ አጠገባቸው አስቀምጡ። ሌላ ሜዳ ማየት ለሚፈልግ ቀዩ ቁልፍ አለ፤ ይህ አገልግሎት ለዊምብልደን የተጀመረው በ2001 ነው። የሁሉም ሜዳዎች ስርጭት ደግሞ አይፕሌየር በሚባለው የቢቢሲ የኢንተርኔት አገልግሎት ይገኛል። አይፕሌየር የሚሠራው በብሪታንያ ውስጥ ብቻ ነው፤ በኢንተርኔት የሚመጣው ምስልም በአንቴና ከሚመጣው ይዘገያል። በአንድ ቤት ውስጥ ሳሎኑ በአንቴና፣ የአንድ ነዋሪ ክፍል ደግሞ በኢንተርኔት የሚያይ ከሆነ ነዋሪው ነጥቡን በስክሪኑ ከማየቱ በፊት ውጤቱን ከሳሎኑ ጩኸት ይሰማዋል፤ ሁለቱንም በአንቴና ማድረግ ይህን ይፈታል።

በመጨረሻ ስለ ቲቪ ላይሰንስ፣ ማለትም ቴሌቪዥን ለማየት ስለሚከፈልበት ፈቃድ፣ ይህ ለአረጋውያኑም ለራሳችንም ነውና። በኤፕሪል 2025 ወደ 174.50 ፓውንድ ከፍ ያለው ይህ ክፍያ በየጊዜው ስለሚለወጥ የወቅቱን ዋጋ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ፈቃዱ የሚያስፈልገው ለቢቢሲ ብቻ አይደለም፤ ስካይም ይሁን አማዞን፣ በስልክም ይሁን በኮምፒውተር፣ ማንኛውንም ጣቢያ በሚተላለፍበት ሰዓት በቀጥታ የሚያይ ሁሉ ሊኖረው ይገባል። አይፕሌየርን ለማየት ከሴፕቴምበር 2016 ጀምሮ ያለፈ ፕሮግራም ቢሆን እንኳ ፈቃድ ግዴታ ነው። ከሌሎች ጋር በአንድ የጋራ የኪራይ ውል የምትኖሩ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አንድ ፈቃድ ለቤቱ ይበቃል፤ እያንዳንዳችሁ ለየክፍላችሁ የተለየ ውል ካላችሁ ግን በክፍሉ የሚያይ ሁሉ የራሱን ማውጣት ሊኖርበት ይችላል። ዕድሜያቸው ከ75 በላይ ለሆኑት ሁሉ ይሰጥ የነበረው ነጻ ፈቃድ በኦገስት 2020 ቆሞ ፔንሽን ክሬዲት የሚባለውን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ጡረተኞች የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ ለሚያገኙ ብቻ ሆኗል፤ ይህን ሳያውቁ የሚቀሩ አሉና በየቤታቸው የምትጎበኟቸውን ሰዎች ጠይቁላቸው። መስፈርቱን በሚያሟላ መኖሪያ ውስጥ ላሉ ጡረተኞችና አካል ጉዳተኞች ደግሞ በክፍል 7.50 ፓውንድ ብቻ የሚከፈልበት ልዩ ፈቃድ አለ፤ የሚያመለክተው የመኖሪያው አስተዳደር ስለሆነ አዲስ ነዋሪ ሲገባ ቴሌቪዥኑ ከመሰካቱ በፊት ስሙ መመዝገቡን ከቢሮው አረጋግጡ፤ በተለይም ነዋሪው የሚገባው በጁን ወር ከሆነ።